ስንጥቧን ሳትጥል እናት የሆነች፦ በእጭ ቅርጽ ስለሚዋለዱ ሳላማንደሮች

ዛሬ የምንነጋገርበትን እንስሳ፣ አክሶሎትል የሚባለውን ሳላማንደር (ጅራት ያለውን የእንቁራሪት ዘመድ)፣ በመስታወት ገንዳ ውስጥ ከጎን ሆናችሁ እንደምታዩት አስቡት። ርዝመቱ 23 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ከራሱ ግራና ቀኝ ሦስት ሦስት ላባ የሚመስል ቀይ ስንጥብ ወጥቶ ይርገበገባል፤ በውሃ ውስጥ የሚተነፍሰው በዚህ ነው። ከጀርባው ተነስቶ እስከ ጅራቱ ጫፍ ስስ ክንፍ ተዘርግቷል። የዐይን ቆብ የለውም፤ ስለዚህ ዐይኑን ጨፍኖ አያውቅም። ይህን ያየ የሥነ ሕይወት ተማሪ ሁሉ «እጭ ነው» ይላል፤ አልተሳሳተም። አሁን ሆዱን ተመልከቱ። ግራና ቀኝ ወጣ ወጣ ብሏል። ቆዳው የነጣ ከሆነ አንዳንዴ ጥቋቁር ፍሬዎች በሆዱ በኩል ብቅ ይላሉ። እንቁላል ናቸው። ይህች «እጭ» ነገ ማታ ብዙ መቶ እንቁላል ልትጥል ትችላለች።

«ሕፃን ወለደች» ብሎ መገረም ቀላል ነው፤ ግን ስህተት ነው፣ ከዚህም ስህተት ብዙ ሌላ ስህተት ይወለዳል። እጭ የሚለው ቃል ስለ ቆዳ፣ ስለ ስንጥብና ስለ ጅራት ይናገራል። ስለ ዘር አካላት ምንም አይነግረንም። አንድ አካል ውስጥ ሁለት የተለያዩ ሰዓቶች አሉ፤ አንዱ ቆሞ ሌላው መሄድ ይችላል። ዛሬ ማሳየት የምፈልገው እነዚህ ሰዓቶች የት እንዳሉ፣ ማን እንደሚሞላቸው፣ የዘር ሰዓቱ ሲቆጥርም በእጅ የሚዳሰስ ምን ነገር እንደሚከተል ነው።

የአክሶሎትል ሳይንሳዊ ስሙ አምቢስቶማ ሜክሲካነም ነው። ከሜክሲኮ ከተማ በስተደቡብ ከሚገኙት ከሾቺሚልኮና ከቻልኮ ሐይቆች የተገኘ ነው። ቻልኮ ዛሬ እንደ ድሮው የለም፤ በሾቺሚልኮ ቦዮች የቀረው የዱር ዘርም ለመጥፋት እጅግ ከቀረቡት ተርታ ተመድቧል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት ያመጣቸውን ናሙናዎች የመረመረው ፈረንሳዊው የእንስሳት ተመራማሪ ኩቪየ «ይህ የማናውቀው የአንድ ሳላማንደር እጭ መሆን አለበት» ብሎ ጠርጥሮ ነበር። ጥርጣሬው ግማሹ ልክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1864 ዓ.ም. 34 አክሶሎትሎች በሕይወት ፓሪስ ደረሱ፤ ከእነዚህ 6ቱ የእንስሳት ተመራማሪው ኦግስት ዱሜሪል እጅ ገቡ። በ1865 እነዚህ ስንጥባሞች ተዋለዱ። ግርታው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፦ ከልጆቻቸው አንዳንዶቹ ስንጥባቸውን ጥለው፣ የጅራት ክንፋቸው ጠፍቶ፣ የምድር ሳላማንደር ሆኑ። ወላጆቹ ግን እንደነበሩ ቀሩ። ዛሬ በዓለም ቤተ ሙከራዎች ካሉት አክሶሎትሎች አብዛኞቹ ዘራቸው ወደዚያ ጭነት ይመለሳል።

ስለ ስያሜ ባጭሩ። ዩሊየስ ኮልማን በ1880ዎቹ «ኒዮቴኒ» የሚለውን ቃል አወጣ፤ ወጣትነትን ይዞ መቆየት እንደማለት ነው። ዛሬ ሰፊው መጠሪያ ፔዶሞርፎሲስ ነው፤ ይህም የእጭ ቅርጽን ይዞ ለዘር መብቃት ማለት ነው። በሥሩ ሁለት መንገድ አለ። የዘር አካላት በተለመደው ጊዜያቸው እየበሰሉ የአካል ለውጥ ከዘገየ ኒዮቴኒ ነው። አካሉ በራሱ ጊዜ እየሄደ የዘር አካላት ተሽቀዳድመው ከበሰሉ ፕሮጄኔሲስ ነው። በዐይን ብታዩት ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ስንጥብ ያለው እናት ወይም አባት። የሚለዩት በዕድሜ ነው። የጣት አጥንት ተቆርጦ በአጉሊ መነጽር ሲታይ እንደ ዛፍ ግንድ የዓመት ቀለበት አለው፤ ቀለበቱን ቆጥሮ፣ ስንጥብ ያላቸውና የሌላቸው ወገኖች በስንት ዓመታቸው ለዘር እንደበቁ ማነጻጸር ነው። ይህ ሳይደረግ ያገኙትን ሁሉ «ኒዮቴኒክ» ብሎ መጥራት ልማድ ሆኗል፤ እኔ አልወደውም።

አሁን ወደ ሁለቱ ሰዓቶች። የአካል ለውጡን የሚያዘው የታይሮይድ መስመር ነው። ከአንጎል ሥር ያለው ሃይፖታላመስ ፒቱታሪ ዕጢን ይቀሰቅሳል፤ ፒቱታሪ የታይሮይድ ዕጢን ያነሳሳል፤ ታይሮይድ ታይሮክሲን ያመነጫል፤ ታይሮክሲን በየሕብረ ሕዋሱ ወደ ብርቱው ቅርጹ ተቀይሮ ከተቀባዩ ጋር ይገናኛል። ስንጥብ የሚጠፋው፣ የዐይን ቆብ የሚበቅለው፣ ቆዳ የሚወፍረው ከዚያ በኋላ ነው። በአክሶሎትል የተዘጋው ላይኛው በር ነው፤ ፒቱታሪው ታይሮይድን በበቂ አይቀሰቅስም። የታችኛው በር ግን ክፍት ነው። በ1913 ላውፍበርገር የታይሮይድ ዕጢ ሥጋ አብልቶ አክሶሎትልን ለውጦታል። ዛሬ በቤተ ሙከራ ውሃው ውስጥ 50 ናኖሞላር ታይሮክሲን ሲጨመር፣ ማለትም በሊትር 39 ማይክሮግራም ያህል፣ ለውጡ በ4 ሳምንት ገደማ ያልቃል። ሁሉም ዝርያ ግን እንዲህ አይደለም። ኔክቱረስ የሚባለው የሰሜን አሜሪካ ሳላማንደር ታይሮክሲን ቢሰጠውም ስንጥቡን አይጥልም፤ የሆርሞኑ ተቀባዮች እያሉት፣ የስንጥቡ ሕብረ ሕዋስ ትእዛዙን አይፈጽምም።

የዘር መስመሩ ሌላ ነው። ከዚያው ሃይፖታላመስና ከዚያው ፒቱታሪ ይነሳል፣ ግን በሌሎች ሆርሞኖች፣ ወደ ሌላ አድራሻ፦ ወደ ቆለጥና ወደ እንቁልጢ (የሴቷ እንቁላል ወደሚበስልበት አካል)። ይህ መስመር በአክሶሎትል ሙሉ በሙሉ ይሠራል። አንድ ዕጢ ሁለት ሥራ ይዞ አንዱን ሲያስተኛ ሌላውን በሰዓቱ ያደርሳል። ደግሞም «አክሶሎትል ፈጽሞ አይለወጥም» ማለት ልክ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ወራት ደሙ ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ከእጭ ዓይነት ወደ ጎልማሳ ዓይነት ይቀየራል፤ ውጭው ሳይነካ ውስጡ ይለወጣል። እናም «በእጭነት ቀረ» ስንል የምናየውን ብቻ እየቆጠርን ነው።

የዘር አካላት አነሳስ ራሱ አስገራሚ ነው። በእንቁራሪት የዘር ሕዋሳት ዕጣ ከመጀመሪያው የተጻፈ ነው፤ እናት እንቁላሉ ውስጥ ያስቀመጠችው ልዩ ፕላዝም የደረሰው ሕዋስ የዘር ሕዋስ ይሆናል። በሳላማንደር እንዲህ ያለ ቅድመ ዝግጅት የለም። ጽንሱ ሲያድግ፣ በሆዱ ጎን ያሉ የመካከለኛው ንብርብር ሕዋሳት ከጎረቤቶቻቸው በሚደርሳቸው ምልክት ተጠርተው የዘር ሕዋስ ይሆናሉ። ከዚያ ወደ ላይ ተጉዘው ከኩላሊት አጠገብ፣ በጀርባ በኩል ባለው ሸንተረር ላይ ይሰፍራሉ። መጀመሪያ ላይ ሸንተረሩ ወንድም ሴትም አይደለም። ውጫዊ ቅርፊትና ውስጣዊ እምብርት አለው። የዘር ሕዋሳቱ ቅርፊቱ ላይ ከቀሩና መሃሉ ተቦርቡሮ ባዶ ከሆነ እንቁልጢ ይሆናል፤ ወደ እምብርቱ ከገቡ ቆለጥ። ይህ ሁሉ የሚከናወነው እጩ ገና ጥቂት ሴንቲሜትር ሳለ ነው፤ ተለዋዋጭ በሆኑት ሳላማንደሮችም ቢሆን የጾታ ውሳኔ አብዛኛውን ጊዜ ሜታሞርፎሲስን፣ ማለትም የአካል ለውጡን፣ አይጠብቅም። ስለዚህ የአክሶሎትል ልዩነቱ የዘር አካላትን በእጭ ዕድሜ መጀመሩ ላይ አይደለም። ልዩነቱ በዚያው የእጭ ቅርጽ ሳለ መጨረሱ ነው።

ጾታን የሚወስነው ክሮሞዞም እንደ ወፎች ነው፦ ሴቷ ዜድ-ደብሊው፣ ወንዱ ዜድ-ዜድ። ይህን ያረጋገጠው ሩፈስ ሃምፍሪ በቀዶ ጥገና ነው። ሴት ሊሆን የተወሰነ ጽንስ ላይ የቆለጥ ጅምር ተክሎ ወደ ወንድነት አዞረው፤ ይህን «ወንድ» ከተራ ሴት ጋር ሲያገናኘው ከየአራቱ ልጆች ሦስቱ ሴት፣ አንዱ ወንድ ሆኑ። ከሦስቱ ሴቶች አንዷ ሁለት ደብሊው የያዘች፣ ግን ጤነኛ ነበረች። ዛሬ ደብሊው ክሮሞዞም ላይ ብቻ የሚገኘው ቁራጭ ስለታወቀ፣ ከጅራት ጫፍ በተወሰደ ቅንጣት ሥጋ በፒሲአር (ዲኤንኤን አብዝቶ በሚያሳይ የቤተ ሙከራ ዘዴ) የጫጩቷን ጾታ ማወቅ ይቻላል። በዐይን ግን ከብስለት በፊት አይቻልም፤ በ4 ወሩ «ይህ ወንድ ነው» የሚላችሁ ሰው ይገምታል እንጂ አያውቅም።

ቆለጥ ሲበስል በአብዛኞቹ ሳላማንደሮች ብስለቱ እንደ ማዕበል ይጓዛል፤ ከጅራት በኩል ይጀምርና ወደ ራስ ይሄዳል። በየከረጢቱ ያሉ ሕዋሳት እኩል ይራመዳሉ። አንዱን ቆለጥ በርዝመቱ ብትሰነጥቁት፣ ከፊት ያልደረሱ ሕዋሳት፣ ከኋላ ረጃጅም ጅራታም ስፐርም በነዶ ታስሮ ታገኛላችሁ። በእንቁልጢ ደግሞ የተለያየ ዕድሜ ያላቸው እንቁላሎች አብረው ይኖራሉ፤ ብርሃን የሚያሳልፉ ጥቃቅኖች፣ ነጣ ያሉ መካከለኞች፣ ከላይ ጠቁረው ከታች የነጡ 2 ሚሊሜትር የሚያክሉ የበሰሉ። አስኳሉን የሚሠራው እንቁልጢ ራሱ አይደለም። ኤስትሮጅን ጉበትን ያዛል፣ ጉበት የአስኳል ፕሮቲን ሠርቶ በደም ይልካል፣ እንቁላሉ ይስበዋል። በመጥፎ መኖ ያደገች ሴት ዕድሜዋ ደርሶ እንቁላሏ የማይሞላው ለዚህ ነው፤ ችግሩ ከጉበቷ ይጀምራል።

ውጫዊው ምልክት ክሎአካ ላይ ነው፤ ክሎአካ የሽንት፣ የዐይነ ምድርና የዘር የጋራ መውጫ ነው። በወንዱ የክሎአካ ዕጢዎች ስለሚያብጡ ከኋላ እግሮቹ ጀርባ ግራና ቀኝ ሁለት ጉብታ ይታያል። የሴቷ ዝቅ ያለ ነው፤ የእሷ ምልክት ወርድ ያለው ሆዷ ነው። በጥሩ መኖና በ18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ባደገ እንስሳ ይህ በ10 እና በ12 ወር መካከል፣ ርዝመቱ 18 ሴንቲሜትር ካለፈ በኋላ ግልጽ ይሆናል። የሚያሳስተው ቀጭን ወንድ ነው። ተርቦ ያደገ ወንድ ጉብታው ስለማይወጣ «ሴት» ተብሎ ከእውነተኛ ሴቶች ጋር ይቀመጣል፤ አንድ ጠዋት ገንዳው በእንቁላል ተሞልቶ ይገኛል።

ይህ ወደ ማዋለዱ ያደርሰናል። ወንዱ አንድ ዓመት ቢሞላው ይበቃል፤ ሴቷን እስከ 18 ወር መጠበቅ ይሻላል፣ ገና እያደገች እንቁላል መሥራት ሰውነቷን ይጎዳልና። ክሎሪኑ የተወገደ ውሃ፣ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ፣ ደብዛዛ ብርሃን ያስፈልጋል። ለጥቂት ሳምንታት ሞቅ ባለ፣ በ20 ዲግሪ አካባቢ ያቆዩትን ሴት ወደ ቀዝቃዛ ውሃ ማዛወር ብዙ ጊዜ ይቀሰቅሳታል። ከገንዳው ሥር ሻካራ ጠፍጣፋ ድንጋይ አንጥፉ፤ ሴቷ እንቁላሏን የምታያይዝበት ተክል፣ ሰው ሠራሽም ቢሆን፣ አስገቡ። ጠጠር አታድርጉ፤ ይውጡትና አንጀታቸው ይደፈናል። ወንዱ ምሽት ላይ ቀድሞ ይግባ፣ ሴቷ ትከተል።

ከዚያ ያለው በጨለማ የሚሆን ነው። ወንዱ ሴቷን በአፍንጫው ይጎነትላል፤ ከፊቷ ሆኖ ጅራቱን እያወዛወዘ ይሄዳል፤ ድንጋዩ ላይ ጥቅል ይተክላል። ጥቅሉ ከሥሩ ሰፋ ያለ የዝልግልግ ሾጣጣ ነው፤ ጫፉ ላይ ነጭ የስፐርም ቆብ አለ። በአንድ ሌሊት ከ5 እስከ 25 ሊያስቀምጥ ይችላል። ሴቷ ተከትላ በላዩ ስታልፍ ቆቡን በክሎአካዋ ታነሳለች፤ መሠረቱ ድንጋዩ ላይ ይቀራል። መተቃቀፍ የለም፣ ግን ማዳቀሉ በሆዷ ውስጥ ነው። ስፐርሙ በክሎአካዋ ጣራ ባሉ ቀጫጭን ቱቦዎች ይቀመጣል። የበሰሉት እንቁላሎች ከእንቁልጢ ተለይተው መጀመሪያ ሆድ ዕቃ ውስጥ ይወድቃሉ፤ ወደ ፊት ተጉዘው ከሳንባ አጠገብ ባለው የቱቦ አፍ ይገባሉ፣ በመንገድ የዝልግልግ ካባቸውን ይለብሳሉ፣ ሲወጡ ስፐርም ያገኛቸዋል። በብዙ እንስሳት ከአንድ በላይ ስፐርም ከገባ ጽንሱ ይበላሻል፤ በሳላማንደር ግን ብዙዎች ይገባሉ፣ የአንዱ ብቻ ከእንቁላሉ ኒውክለስ ጋር ይዋሃዳል፣ የቀሩት ይከስማሉ።

ሴቷ ቆቡን ካነሳች አንድ ቀን ገደማ በኋላ መጣል ትጀምራለች፤ አንድ አንድ እያደረገች፣ አንድ ሁለት ቀን ይፈጅባታል። ቁጥሩ ከ100 እስከ 1,000 ይደርሳል። እንደጨረሰች ወላጆቹን አውጡ፤ እንቁላሉን ይበሉታል። በ18 እና 20 ዲግሪ ከ14 እስከ 20 ቀን ይፈለፈላል። ጫጩቱ 1 ሴንቲሜትር ያህል ነው፤ ለ2 እና 3 ቀን በአስኳሉ ይኖራል፣ ከዚያ የሚንቀሳቀስ መኖ ይፈልጋል። አዲስ የተፈለፈለ አርቴሚያ፣ ማለትም ጥቃቅን የጨው ውሃ ሽሪምፕ፣ በየቀኑ ይሰጠው፤ የሞተውን አይበላም፣ ውሃውን ብቻ ያበላሻል። የፊት እግር ሲያወጡ እርስ በርስ መነካከስ ይጀምራሉ፤ በዚያ ጊዜ በመጠን ካልለያችኋቸው ብዙዎቹ እግር አልባ ይሆናሉ። መልሰው ያበቅሉታል፣ ግን ለማደግ የሚያስፈልገውን ኃይል እዚያ ያጠፉታል።

እንቁላል ተጥሎ ምንም ካልተፈለፈለ በመጀመሪያ ድንጋዩን ተመልከቱ። በለስላሳ መስታወት ላይ የተተከለ ጥቅል ይነቀልና ይዋልላል፤ ሴቷ ቆቡን ልታነሳው አትችልም። ቀጥሎ የወንዱ ዕረፍት ነው፤ በየሳምንቱ የሚገናኝ ወንድ ጥቅል ይተክላል፣ ቆቡ ግን ባዶ ወይም የሳሳ ይሆናል። ሦስተኛው ሙቀት ነው፤ ከ24 ዲግሪ በላይ የቆየ እንስሳ ራሱን በማዳን ላይ ስለሆነ ለዘር አይተርፍም። ያልዳበረ እንቁላል በሁለተኛው ቀን ይለያል፦ የዳበረው እንደ እንጆሪ ወደ ብዙ ሕዋስ ሲከፋፈል፣ ያልዳበረው ይጠወልጋል፣ ይነጣል፣ የፈንገስ ፀጉር ያበቅላል። ቶሎ ልቀሙት። ወንድ ባይኖርም ሴቷ አንዳንዴ ትጥላለች፤ ይህ በሽታ አይደለም። ሴቷን ከዚያ በኋላ ቢያንስ ለ2 እና 3 ወር ለይታችሁ አሳርፏት።

ስለ ሌሎቹ ዝርያዎች ጥቂት። በአውሮፓ ዋሻዎች የሚኖረው ፕሮቲየስ የአክሶሎትል ተቃራኒ ነው፤ ለዘር የሚበቃው በ15 ዓመቱ አካባቢ ነው፣ በአማካይ በ12 ዓመት ተኩል አንድ ጊዜ 35 ያህል እንቁላል ይጥላል። በ2016 በስሎቬንያ ፖስቶይና ዋሻ አንዲት ሴት 64 እንቁላል ጥላ የመጀመሪያው ለመፈልፈል 4 ወር ወስዷል። ሳይረን የሚባሉት ደግሞ የክሎአካ ዕጢና የስፐርም ማስቀመጫ ቱቦ የላቸውም፤ ማዳቀሉ ከአካል ውጭ ነው ተብሎ የሚታመነው ለዚህ ነው። «እጭ መሳይ» መሆን አንድ የዘር ሥርዓት አያመጣም።

እንደ ኩሬው የሚመርጡም አሉ። የአልፕስ ኒውት የሚባለው ሳላማንደርና የአክሶሎትል ዘመድ የሆነው አምቢስቶማ ታልፖይዲየም ውሃው የማይደርቅ ከሆነ ስንጥብ ይዘው ይዋለዳሉ፤ ኩሬው መድረቅ ከጀመረ ይለወጣሉ። በታልፖይዲየም ስንጥባሞቹ ውሃው ውስጥ ስለሆኑ፣ ከምድር እየተጓዙ የሚመጡትን ሳይጠብቁ ቀድመው ይዋለዳሉ። ወደ እንዲህ ያለ ሐይቅ ዓሣ መጨመር ስንጥባሙን ወገን ጨርሶ ሊያጠፋው ይችላል፤ የሚቀረው፣ ካለ፣ ወደ ምድር መውጣት የሚችለው ነው። በመልክ አንድ ዝርያ ያለ ይመስላል፣ ግን አንድ የአኗኗር መንገድ ጠፍቷል።

ብዙ ጊዜ የሚነሳ አንድ ጥያቄ ልመልስ፦ «አክሶሎትሌ ስንጥቡ አጠረ፣ እየተለወጠ ነው?» ስንጥብ ብቻውን አያስረዳም። በኃይለኛ ፍሰት፣ ኦክሲጅን በበዛበት ወይም በአሞኒያ በተበከለ ውሃም ያጥራል። የጀርባውንና የጅራቱን ክንፍ ተመልከቱ፤ ክንፉ እንዳለ ከሆነ ውሃውን ፈትሹ። ክንፉ ከሰውነቱ ጋር እየተመጠጠ፣ ዐይኑ እየወጣ፣ የዐይን ቆብ እየታየ፣ ቆዳው እየተላጠ ከሆነ እውነተኛ ለውጥ ነው። አዮዲን ጨምሮ ይህን ማስጀመር ግን ሥራ አይደለም፤ ለእንስሳው መርዝ የመሆን ዕድሉ ከመለወጡ ይበልጣል። ለውጡ በራሱ ከመጣ የውሃውን ከፍታ ቀንሱ፣ ወጥቶ የሚያርፍበት ደረቅ ቦታ አዘጋጁ፣ ለጥቂት ጊዜ ባይበላ አትደንግጡ። ክዳኑንም አጥብቁት፤ ሳንባውን መጠቀም የጀመረ አክሶሎትል መስታወት ይወጣል።